የዕድሜ ልዩነት ያለበት የፍቅር ፊልም፦ ያቺ የቴሌቪዥን ትዕይንት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች

ጨረቃማ (ክር ከፋች) | ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ቤቶች! ስፖይለር አለው፤ ፊልሙን ያላያችሁ አሁኑኑ ውጡ። (70 ዓመት ለሞላው ፊልም «ስፖይለር» ይባላል እንዴ? ለማንኛውም እኔ አስጠንቅቄያለሁ።)

ቅዳሜ ማታ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን «ኦል ዛት ሄቨን አላውስ»ን አየን። በ1955 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ ዳግላስ ሰርክ። ኬሪ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ያደረሰች፣ ኑሮዋ የተደላደለ ሴት ናት። ሮን ግቢዋ ውስጥ ያሉትን ዛፎች የሚከረክም አትክልተኛ ነው። በዕድሜም በገንዘብም ያንሳታል። ይዋደዳሉ።

ከዚያማ ሰፈሩ አበደ። ጓደኞቿ ይንሾካሾካሉ። ወንዱ ልጅ የአባቴ ዋንጫ ከቦታው ለምን ተነሣ ብሎ ያኮርፋል። ሴቷ ልጅ ደግሞ ነገር ሁሉ ከመጽሐፍ ነው የምታወራው። ድሮ ግብፅ ውስጥ ሚስት ከሟች ባሏ ዕቃ ጋር በሕይወቷ ትቀበር እንደነበር ለእናቷ ታስረዳና «አሁን ግን ቀርቷል» ትላለች። እናትየዋ «ግብፅ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል» የሚል ዓይነት መልስ ትሰጣታለች። ያቺው የተማረች ልጅ ናት በኋላ «ሰው አማን» ብላ እያለቀሰች የምትመጣው። ኬሪም ለልጆቿ ስትል ሰውየውን ትተወዋለች።

አሁን ወደ ነገሬ። ለገና ልጆቹ ስጦታ ያመጡላታል። ምን? ቴሌቪዥን። ሻጩ «ይቺን ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ጓደኛ እዚህ አለልዎት» እያለ ያወራል። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ስክሪኑ ይጠጋል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ጥቁሩ መስታወት ላይ የምትታየው ራሷ ኬሪ ናት፤ ብቻዋን። በዚያው ሰሞን ሴቷ ልትዳር ነው፣ ወንዱ ውጭ ሊሄድ ነው፣ ቤቱም ይሸጥ እየተባለ ነው። ለእነሱ ብላ የምትወደውን ሰው ተወች፤ እነሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እናቴ እዚህ ጋ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ለምን እንደሳቀች ገና አልጠየቅኳትም።

ጥያቄዬ፦ ይሄ ፊልም በእርግጥ ስለ ዕድሜ ነው? ወይስ ዕድሜ ሰበብ ነው? እንዲህ ያለ ሌላ ምን አይታችኋል?

የኋላ ወንበር | ሰኞ ማታ 3:52

ጨረቃማ፣ የነካሽው ነገር የዘር ሐረግ አለው። ተከተዪኝ።

ሰርክ የጀርመን ሰው ነበር። ሚስቱ አይሁዳዊት ስለነበረች በ1937 አገሩን ጥሎ ወጣ። አሜሪካ ገብቶ በቀለም የተነከሩ የፍቅር ድራማዎች ሠራ። በጊዜው ብዙ ሃያሲ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የሴት ማስለቀሻ ነው ብለው አለፉት።

ከዚያ ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር መጣ። በ1945 የተወለደ፣ እሳት የላሰ ጀርመናዊ። የሰርክን ፊልሞች አይቶ ልቡ ተሰረቀ፤ በ1971 ስለ እነሱ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። በ1974 ደግሞ ይህንኑ ያንቺን ታሪክ ወስዶ ሙኒክ ውስጥ ተከለው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» እንደማለት ነው። ጀርመንኛው ሆን ተብሎ ሰዋስው የተሰበረ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ አሊ የሚናገረው እንደዚያ ስለሆነ።

ኤሚ ወደ ስልሳ ዓመት የሆናት ባሏ የሞተባት የፅዳት ሠራተኛ ናት። አሊ ከሞሮኮ የመጣ መካኒክ፤ ልጇ ሊሆን የሚችል። ዝናብ አስገድዷት አንድ መጠጥ ቤት ትገባለች። ኮላ ታዛለች። አንዷ ሴት ለማሾፍ «ከአሮጊቷ ጋር ደንስ» ትለዋለች። እሱ ከምሩ ይነሣል። ይደንሳሉ። ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ።

አሁን ወደ ቴሌቪዥንሽ። ኤሚ ልጆቿን ሰብስባ «አገባሁ» ስትላቸው ካሜራው ፊታቸውን አንድ በአንድ ያያል። ትንፍሽ የሚል የለም። ከዚያ አንዱ ብድግ ይልና ቴሌቪዥኑን በእርግጫ ይሰብረዋል! ሰርክ ልጆቹን ቴሌቪዥን አስገዛቸው፤ ፋስቢንደር አሰበራቸው። ይሄን ሳይ ወንበሬ ላይ ተነሥቼ አጨበጨብኩ፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ ደግሞ።

ልጁ በኋላ ለሰበረው ቼክ ይልካል። ለምን? ሕፃን የሚጠብቅለት ሰው አጥቶ ነው። ፊት ነሥቷቸው የነበረው ባለሱቅም ተመልሶ ፈገግ ይላል፤ ደንበኛ ቀርታበታለች። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ሁሉም ግን ፈለጋት።

(አማቿን ሆኖ የሚጫወተው ያ ሰነፍ ሰውዬ ራሱ ፋስቢንደር ነው። ፊልሙን ቀርጾ የጨረሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው።)

ቆንጥር | ሰኞ ማታ 4:20

ስሜታችሁን መንካት አልፈልግም ግን ሒሳብ እንሥራ።

የ1955ቱ ፊልም ውስጥ «ያረጀችው ሴት» ጄን ዋይማን ናት፤ በ1917 የተወለደች። ወጣቱ ሮክ ሃድሰን በ1925። ዘጠኝ ዓመት አይሞላም! ሲቀረጹ እሷ 38፣ እሱ 29 ነበሩ። ለዚህ ነው ሰፈሩ ያበደው?

ከዚያ ፊልም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ሳብሪና» ወጣ። ሃምፍሪ ቦጋርት በ1899፣ ኦድሪ ሄፕበርን በ1929 የተወለዱ። ወደ 30 ዓመት ልዩነት! በ1957 ደግሞ ያቺኑ ሄፕበርንን ከጌሪ ኩፐር ጋር አጋቧት፤ 28 ዓመት። ፊልሞቹ ደስ የሚሉ ኮሜዲዎች ናቸው። ቴሌቪዥን የሰበረ ልጅ የለም። እናቱ ራሷን የሳተች የለችም። ወንዱ ሲያረጅ ኮሜዲ፣ ሴቷ ስታረጅ ትራጄዲ። ይሄ ነው ሕጉ።

ዋናውን አልነገርኳችሁም። በ1967 የወጣውን «ዘ ግራጁዌት»ን ሁሉም ያውቀዋል፤ ተመራቂውን ልጅ የምታማልለው የቤተሰብ ወዳጅ ያለችበት። አን ባንክሮፍት በ1931 የተወለደች ናት። ልጁን የሆነው ደስቲን ሆፍማን በ1937። ስድስት ዓመት! ሴት ልጇን የምትጫወተው ካትሪን ሮስ ደግሞ በ1940። «እናት» እና «ልጅ» ዘጠኝ ዓመት አይበላለጡም።

ሰባት ሰዓት | ሰኞ ማታ 4:23

ስለዚህ እናትና ልጅ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። ገባኝ።

የኋላ ወንበር | ሰኞ ማታ 4:31

ቆንጥር፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን ቸኮለ። ሁሉም ወንድ ዝም ብሎ አላለፈም። «ሻሬድ» በ1963 ሲወጣ ኬሪ ግራንት 59 ዓመቱ ነበር፤ አሁንም ሄፕበርን፣ 34። ሰውየው አፈረ። እኔ ሳሳድዳት ለዓይን ያስጠላል፣ እሷ ታሳድደኝ ብሎ ጽሑፉን አስቀየረ። ለዚህ ነው ፊልሙ ሙሉ እሷ ስትሽኮረመምለት እሱ ሲሸሽ የምታዩት። ያ ኀፍረት ፊልሙን አሳመረው።

ወይዘሮ ዝምታ | ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ብዙ ጊዜ ነው የማነበው፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ እጄ አላርፍ አለ።

52 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ 41። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት። አንድ ክሊኒክ አብረን ሄደን እንግዳ ተቀባይዋ «እማማ፣ ልጅዎ ውጭ ይጠብቅዎት» ብላኛለች። እሱ እስከ ዛሬ ሲያስቀው ይኖራል፤ አንዳንዴ ቡና ሲያቀብለኝ «እማማ» ይለኛል። እኔን በዚያ ሰሞን አላሳቀኝም።

እህቴ ሁለት ዓመት አላናገረችኝም። ይሄ እውነት ነው፤ ያማል። ግን ፊልሞቹ ስለ ሐሜት ሲያወሩ ያጋንናሉ። ሐሜት ሦስት ወር አይቆይም፤ ሰው ሌላ ወሬ ያገኛል። የሚቆየው ሌላ ነገር ነው። እሱ አዲስ ሥራ ሊጀምር ያቅዳል፣ እኔ የጡረታ ወራት እቆጥራለሁ። የልጅ ነገር ከመጋባታችን በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተጋባን በኋላ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብለን ተነጋግረናል፤ ሦስቱም ጊዜ ቀላል አልነበረም። እኔ ልጅ ሆኜ ያለቀስኩበትን ዘፈን እሱ «የድሮ» ብሎ ነው የሚያውቀው። ጉንፋን ሲይዘኝ ደግሞ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር አያለሁ። ይቆጥራል። አይናገርም፤ ግን ይቆጥራል።

አሁን ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ሁለቱንም ፊልም አይቻለሁ። የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ሮን ከገደል ይወድቃል። ኬሪ አልጋው አጠገብ ታድራለች። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ አሊ ጨጓራው ይቆስልና ሆስፒታል ይገባል። ኤሚ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። ልብ አላችሁ? ሁለቴም የሚታመመው ወጣቱ ነው! እውነተኛው ኑሮ ተገላቢጦሽ ነው እኮ። እኔ ነኝ ቀድሜ የምታመመው። ይሄን እያወቁ ለምን ወጣቱን አስተኙት?

ባለመነጽር | ማክሰኞ ጠዋት 2:40

ወይዘሮ ዝምታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እነዚህን ፊልሞች ስንቴ አይቼ ይሄን አላየሁም።

የመሰለኝን ልበል። ሁለቱም ዳይሬክተሮች አንድ ችግር አለባቸው። ተመልካቹ አንዲት ያረጀች ሴት በፍቅር ስትደሰት ማየት አይችልም። ስታስታምም ግን ያውቃታል። እናት፣ አስታማሚ፣ ሞግዚት። ወጣቱን አልጋ ላይ ካስተኙት ፍቅሯ ወደ ሥራ ይለወጣል። ያኔ ማንም አያማትም። የ1955ቱ ፊልም ላይ ሐኪሙ ሮን ገና ብዙ እንክብካቤ ያስፈልገዋል ይላል፤ መስኮቱ ጋ ያቺ ሚዳቋ ትመጣለች፤ ሁሉም ነገር ሰላም። ሰርክ ብልጥ ነው፤ ይሄ መጨረሻ እያሾፈብን ሊሆን ይችላል። የመስኮቱ ፍሬም ከቴሌቪዥኑ ፍሬም ጋር ይመሳሰላል እኮ።

ፋስቢንደር ጋ ግን ሌላ ጉድ አለ። ጠቅላላው ሰው አልቀበልም ሲል ጥንዶቹ ጥብቅ ናቸው። ከቤት ውጭ ካፌው ውስጥ፣ ቢጫ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው አስተናጋጆቹ ተደርድረው ሲያፈጡባቸው ኤሚ ታለቅሳለች፤ እሱ እጇን ይይዛል። ከዚያ ለእረፍት ሄደው ይመለሳሉ። ሰፈሩ ተለሳልሷል። አሁን ይመቻቸዋል ብላችሁ ስትጠብቁ መሰንጠቅ የሚጀምሩት ያኔ ነው። ኤሚ የሥራ ባልደረቦቿን ቤቷ ጠርታ የአሊን ጡንቻ ታስነካቸዋለች። እንደ ሶፋ! የአገሩ ምግብ ኩስኩስ አምሮት ሲጠይቃት «የጀርመን ምግብ ልመድ» ትለዋለች። ተነሥቶ ኩስኩስ ወደምትሠራለት ሴት ይሄዳል።

ለዚህ ነው ጨረቃማ «ዕድሜ ሰበብ ነው ወይ» ስትዪ አዎም አይደለምም የምለው። ኤሚ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ቋንቋው የእሷ ነው፣ አገሩ የእሷ ነው፣ ቤቱ የእሷ ነው። እሱ ወጣትነት ብቻ ነው ያለው። ማን ማንን ነው የሚጎዳው? ፊልሙ መልሱን አንዴ ለእሷ አንዴ ለእሱ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ የአሊ በሽታ በስደተኛ ሠራተኞች ላይ የተለመደ ነው፣ ከጭንቀት ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሳል ይላታል። ጨጓራውን ያቆሰለው የሚስቱ ዕድሜ አይደለም።

ቆንጥር | ማክሰኞ ጠዋት 3:05

የአልጋው ነገር ጥሩ ምልከታ ነው፤ እጄን አንሥቻለሁ። ልጨምርበት፦ ወጣቱ ካልታመመ ይሞታል። «ሰንሴት ቡሌቫርድ»፣ 1950። ግሎሪያ ስዋንሰን የተረሳች ኮከብ ሆና፣ ዊልያም ሆልደን ገንዘቧን እየበላ የሚኖር ጸሐፊ። ሰውየው ገንዳ ውስጥ ተንሳፎ ነው ፊልሙ የሚጀምረው። አሳስቀዋለሁ የሚል ካለ ይሞክር።

ረቂቅ | ማክሰኞ 5:30

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔ ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው። የፍቅር ድራማ ነው፤ እሷ 47፣ እሱ 32። ሦስተኛ ረቂቅ ላይ ነኝ፤ ያነበበው ሁሉ «ስለ ዕድሜያቸው ያወራሉ እንጂ አይኖሩትም» ይለኛል። የት ነው የተበላሸብኝ?

የኋላ ወንበር | ማክሰኞ 6:02

ሳላነበው ልገምት? አንድ ትዕይንት አለሽ፤ እሷ «እኔ ሃምሳ ስሞላ አንተ ገና ሠላሳ አምስት ነህ» ትላለች። እሱ «ዕድሜ ቁጥር ነው» ይላል። አውጪው። ዛሬውኑ።

ኤሚና አሊ ስለ ዕድሜ ብዙ አያወሩም። ሰው ነው የሚያየው። ፋስቢንደር በር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ጥግ ላይ ሰው ያቆምና ያስፈጥጣል፤ ጥንዶቹን በበር ፍሬም ውስጥ ከርቀት ያሳየናል። ልዩነቱን ዓይን ይናገረዋል።

ወይዘሮ ዝምታ | ማክሰኞ 7:40

ረቂቅ፣ የኔ እህት፣ እኔ ፊልም አላውቅም፤ ግን ቤቴን አውቃለሁ። መነጽሬን ሳጣ እሱ የስልኩን ጽሑፍ ያነብልኛል። ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ «ጫማዬ ተፈታ» ብሎ ይቆማል። ጫማው ክር የለውም። እኔ እንዳርፍ ነው። አውቃለሁ፤ እንደማውቅ አላሳየውም። ይሄን ጻፊው፤ በነጻ ነው።

ረቂቅ | ማክሰኞ 7:44

ክር የሌለው ጫማ። አለቀስኩ። ልጠቀምበት ነው፤ ተፈቅዷል አይደል?

ወይዘሮ ዝምታ | ማክሰኞ 7:59

ተፈቅዷል። ለእሱ ግን አልነግረውም፤ መቆም ይተዋል።

የህንድ ፊልም አባት | ማክሰኞ ማታ 1:30

እናንተ የነጭ ፊልም ይዛችሁ ታለቅሳላችሁ። እኔ ላስቃችሁ። «ቺኒ ኩም»፣ 2007። አሚታብ ባችቻን 64 ዓመት የሆነው፣ ማንም የማይችለው ቁጡ የለንደን ሼፍ ነው። ታቡ 34 ዓመቷ። ምግቡን ስትተችበት ይጣላሉ፤ ከዚያ የሆነው ሆነ። አባትየውን ፈቃድ ሊጠይቅ ይሄዳል። አባትየው ስንት ዓመቱ ነው? 58! አማች ከአማት በስድስት ዓመት ይበልጣል። አባትየው እንደ ጋንዲ የርሃብ አድማ ይመታል።

ከዚህ በፊት ደግሞ ያሽ ቾፕራ በ1991 «ላምሄ»ን ሠርቷል። ስሪዴቪ እናትም ልጅም ሆና ትጫወታለች። ሰውየው በወጣትነቱ የወደዳት ሴት ሌላ አግብታ ትሞታለች። ከዓመታት በኋላ ቁርጥ እናቷን የመሰለችው ልጅ አድጋ ሰውየውን ትወደዋለች። ህንድ ውስጥ ገበያ አልቀናውም፤ የፊልምፌርን የምርጥ ፊልም ሽልማት ግን ወሰደ።

ቆንጥር | ማክሰኞ ማታ 1:48

«ላምሄ» ላይ አልስማማም። ዕድሜው አይደለም የሚከብደኝ። ሰውየው የሚያያት ልጅቷን ነው ወይስ የሞተችውን? ያቺ ልጅ ሙሉ ፊልሙን የምትታገለው ከእናቷ ፎቶ ጋር ነው። ተዋናይዋ ድንቅ ናት፤ እሱን አልክድም።

የህንድ ፊልም አባት | ማክሰኞ ማታ 1:55

ሰውየው ራሱ ይሄንኑ ብሎ ነው እኮ የሚሸሻት! ፊልሙን እስከ መጨረሻ አይተኸዋል ወይስ ዘፈኖቹን ብቻ?

ቆንጥር | ማክሰኞ ማታ 1:57

...ዘፈኖቹን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጋሽ ፕሮጀክተር | ማክሰኞ ማታ 3:15

ልጆቼ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ፊልም ሳጫውት ኖሬያለሁ። ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቹን ነው ያየሁት ማለት ይቻላል፤ በዚያች ትንሽ መስኮት የሚታየው የሰው ጀርባ ነው።

«ሃሮልድ ኤንድ ሞድ»ን ማንም አላነሣም። ሃል አሽቢ፣ 1971። መሞት የሚያምረው ወጣት ሃሮልድ፣ 80 ዓመት ልትደፍን ቀናት የቀራት ሞድ። የሚገናኙት የማያውቁት ሰው ቀብር ላይ ነው፤ ሁለቱም ቀብር መሄድ ይወዳሉ። ሩት ጎርደን በ1896 ነው የተወለደችው፤ ሰባ አምስት ገደማ ሆና ነው ያንን የሠራችው። ጽሑፉን ኮሊን ሂጊንስ የጻፈው ተማሪ ሳለ፣ ለመመረቂያው። ሲወጣ ማንም አላየው፤ ዓመታት ቆይቶ ነው ሰው የወደደው።

አንድ ቦታ አለ። ሁለቱ ውኃ ዳር ተቀምጠው ጀምበር ስትጠልቅ ያያሉ። ሃሮልድ እጇን ያነሣል። ክንዷ ላይ የተነቀሰ ቁጥር አለ። የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ቁጥር። ለአንድ ሰከንድ ነው የሚታየው። ማንም ምንም አይልም፣ ሙዚቃ አይጮኽም፣ ያልፋል። ያኔ ነው በመካከላቸው ያለው ስንት ዓመት እንደሆነ የሚገባችሁ። ዓመት ብቻ አይደለም።

ያቺን ሰከንድ ግማሹ ሰው ያመልጠዋል። ያየው ግን ከመስኮቴ ይታወቀኛል፤ ቀና ይላል።

ባለመነጽር | ማክሰኞ ማታ 3:40

ጋሼ፣ ይሄን ይበልጥ ቢጽፉልን ምን አለበት? ራሱን የቻለ ክር ይክፈቱ፤ እኛ እንጠብቅዎታለን። ያቺን ሰከንድ እኔ አምልጣኛለች፤ ዛሬ ማታ ተመልሼ አያታለሁ።

እዚህስ አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው ማነው? ሞድ 80ኛ ልደቷ ላይ ራሷ ወስና ነው የምትሄደው። ሃሮልድ ነው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚጠብቀው። እንግዲህ ወይዘሮ ዝምታ የጠየቁት ተገላቢጦሽ አንድ ቦታ ተሠርቷል።

ወይዘሮ ዝምታ | ማክሰኞ ማታ 4:05

አየሁት ድሮ። ኮሪደሩን ነበር የረሳሁት። ዛሬ ከእሱ ጋር ላየው አልችልም መሰለኝ። ሌላ ቀን።

ጨረቃማ (ክር ከፋች) | ረቡዕ ማታ 2:20

ለሁለት ቀን ጠፋሁ፤ ክሩ እንዲህ ያድጋል ብዬ አልጠበቅኩም።

እናቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። አባቴ የሞተው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ለአራት ዓመት አልጋ ላይ ነበር፤ ያስታመመችው እሷ ናት። ከቀብሩ በኋላ በዓመቱ እኔና ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጥተን ስጦታ ገዛንላት። ምን እንደሆነ ገምታችኋል። ትልቁን ነው የገዛነው፤ ግድግዳውን ግማሽ ይይዛል። ፊልሙን ያየነው በእሱው ላይ ነው።

«ለምን ሳቅሽ?» አልኳት። «የኬሪው ትንሽ ነበር» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም መግቢያ ነው ያጣሁት።

ከዚያ የወይዘሮ ዝምታን ኮመንት አነበብኩላት፤ የአልጋውን። ስልኬን ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችው። «ይሄን ነው እኮ ያልኩት» አለች። መቼ አልሽ? ብላት፣ ለካ ሮን ከገደሉ ሲወድቅ አንድ ነገር አጉተምትማ ነበር፤ እኔ ሚዳቋዋን እያየሁ አልሰማሁም።

ያለችው ይሄን ነው፦ «ይሄኛውንም ልታስታምም ነው?»

አሁን የሚቀጥለውን ቅዳሜ ፊልም ምረጪ ብትሉኝ ፈራሁ። እሷ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣለች፦ ማንም የማይታመምበት ይሁን። ምከሩኝ።

የህንድ ፊልም አባት | ረቡዕ ማታ 2:26

«ቺኒ ኩም» ነዋ! ትስቃለች!

ረቂቅ | ረቡዕ ማታ 2:31

አባቴ፣ እሱ ላይ እኮ ጎረቤት ያለችው ትንሽ ልጅ ሉኪሚያ ይዟት ትሞታለች።

የህንድ ፊልም አባት | ረቡዕ ማታ 2:34

እሱን ረስቼው ነው። «ዲል ቻታ ሄ» ላይም ወጣቱ የሚወዳት ሴት ትሞታለች። የህንድ ፊልም ያለ ሆስፒታል ከየት ላምጣ?

ሰባት ሰዓት | ረቡዕ ማታ 2:36

ከሐኪም ጋር የተዋዋሉ ይመስላሉ።

ቆንጥር | ረቡዕ ማታ 2:50

«ሻሬድ»ን አሳዪያት። 25 ዓመት ልዩነት አለበት፣ እሷ ናት የምታሳድደው፣ ልብስም አለው፣ ሳቅም አለው። ማንም አይታመምም። የሚሞተው ሁሉ ተገድሎ ነው።

ጨረቃማ (ክር ከፋች) | ረቡዕ ማታ 3:02

አነበብኩላት። «እሱ ይሻላል» ብላለች።